ዓይን የማይለየው ድብልቅ



አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው ሞቃት ሜዳ፣ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው አምራቾች የሐይቁን ውሃ ወደ ሰፋፊና ጥልቀት ወደሌላቸው ገንዳዎች ይስባሉ። ከዚያ በኋላ ዋናውን ሥራ ፀሐይ ትሠራዋለች። ውሃው ይተናል፤ ጨው ከገንዳው ወለል ላይ ይቀራል፤ ተሰብስቦ፣ ተጭኖ ገበያችን ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ጨው የፈጠረ ማንም የለም። ጨው ቀድሞውኑ በውሃው ውስጥ ነበር። የተደረገው ነገር ቢኖር አብረው የነበሩትን መለየት ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ አብሮ መሆንና ስለዚህ መለየት ነው። በትምህርት ቤት «ድብልቆች» በሚል ርዕስ በጥቂት ክፍለ ጊዜ ተነግሮ የሚታለፍ ምዕራፍ ነው። እኔ ግን ከኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ ለዕለት ኑሮ የሚቀርበው ይህ ምዕራፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለምንጠጣው ውሃ፣ ስለምንበላው ቅቤና ስለምንተነፍሰው አየር የሚናገር ነውና።

ከጨው ጥቂት ልቆይ። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚሆን ጨው ይይዛል፤ ጨው ስል ግን የገበታ ጨው ብቻ ማለቴ አይደለም። ብዙ ዓይነት ጨዎች አብረው ሟምተው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ሲተን ጨዎቹ በተራ ነው የሚወጡት። በመጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ዋና አካል የሆነው ካልሲየም ካርቦኔት ይወርዳል። ቀጥሎ ጄሶ የሚሠራበት ጂፕሰም ይከተላል። የገበታ ጨው መውጣት የሚጀምረው ውሃው ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ሲቀንስ ነው። መራሮቹ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች እስከ መጨረሻው ድረስ ከቀረው ፈሳሽ ጋር ይቆያሉ። ጥሩ ጨው የሚፈልግ አምራች ይህ የመጨረሻ ፈሳሽ ከመድረቁ በፊት ማፍሰስ ያለበት ለዚህ ነው። በዳሎል አካባቢ ከመሬት በታች ያለው የፖታሽ ክምችትም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፦ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ወደ ደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ገብቶ፣ ተነጥሎ ቀርቶ፣ ደርቆ ጨዎቹን በየተራ አነጠፈ።

ጨዎቹ ለምን በተራ ይወጣሉ? አንዱ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ ሌላው ስለማይሟሟ። አብረው ሺህ ዓመት ቢቆዩም አንዱ የሌላውን ባሕርይ አልወሰደም። የድብልቅ ትርጉም ይህ ነው፤ አብረው ያሉት ነገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ባሕርይ እንደያዙ ይቆያሉ። ስለዚህም የሚለያዩበትን ባሕርይ ያወቀ ሰው መለያውን መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ይህን ከውህድ ጋር አስተያይተን ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። 7 ግራም የብረት ብናኝ ከ4 ግራም የድኝ ዱቄት ጋር አደባልቁ። ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለበት ዱቄት ይሆናል። ማግኔት ብታስጠጉበት ብረቱ ተለይቶ ይሳባል፤ ድኙ ይቀራል። አሁን ያንኑ ዱቄት በሙከራ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ አሙቁት። ከአንድ ቦታ ላይ መጋል ይጀምርና፣ እሳቱን ብታነሡለትም እንኳ ግለቱ ራሱ እየተስፋፋ ዱቄቱን ሁሉ ያዳርሳል። ሲበርድ የሚገኘው 11 ግራም ጥቁር ጠጣር ነው፤ ስሙ አይረን ሰልፋይድ። ቢፈጭም ማግኔት ብረቱን ከውስጡ ነጥሎ አያወጣም። 5 ግራም ድኝ ብትጨምሩ ኖሮ አንዱ ግራም ተርፎ በቀረ ነበር፤ ውህድ ልክ አለውና። ድብልቅ ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ብረቱን እፍኝ፣ ድኙን ቁንጥር ብታደርጉትም ያው ድብልቅ ነው።

ይህ ዛሬ የልጆች ትምህርት ይምሰል እንጂ በሁለት ታላላቅ ፈረንሳውያን መካከል ለዓመታት ያከራከረ ጉዳይ ነበር። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በስፔን ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ፕሩስት በ1799 ከተፈጥሮ የተገኘ የመዳብ ካርቦኔትንና በቤተ ሙከራ የተሠራውን መዝኖ የሁለቱም አካላት መጠን አንድ መሆኑን አሳየ። ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ዘምቶ የነበረው ክሎድ ሉዊ በርቶሌ ደግሞ የለም፣ መጠኑ እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል አለ። ማስረጃ አድርጎ ያቀረባቸው እንደ ጨው ውሃ ያሉ ሙሙቶችን፣ የተቀላቀሉ ብረታ ብረቶችንና መስታወትን ነበር። የፕሩስት መልስ እነዚህ ውህዶች ሳይሆኑ ድብልቆች ናቸው የሚል ነበር። እኔ ይህን ክርክር ሳነብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ በርቶሌ ያየው ነገር እውነት መሆኑ ነው፤ በእርግጥም የጠቀሳቸው ነገሮች መጠናቸው ይለዋወጣል። የጎደለው በድብልቅና በውህድ መካከል ያለው ድንበር ነበር። ድንበሩ ከተሰመረ በኋላ ነው የጆን ዳልተን የአቶም ሐሳብ መቆሚያ መሬት ያገኘው።

መጻሕፍት ድብልቆችን ወጥ እና ወጥ ያልሆኑ ብለው ለሁለት ይከፍሏቸዋል። ክፍፍሉ ለመነሻ ይበቃል፤ ነገር ግን ወጥ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ምን ያህል ቀርበን እንዳየነው ነው። የበለጠ የሚያስተምረን የቅንጣቶቹ መጠን ነው። ቅንጣቶቹ ከአንድ ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ የሚበልጡ ከሆነ ጊዜ ሲያገኙ ይዘቅጣሉ ወይም ይንሳፈፋሉ። ከአንድ ናኖ ሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ያነሱ ከሆነ ደግሞ ሙሙት ይሆናሉ፤ አይዘቅጡም፣ በወረቀት ማጥለያም ያልፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ስፍራ የያዙት ኮሎይዶች ናቸው።

ስለ ትልልቆቹ ቅንጣቶች ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ገበሬው አውድማ ላይ በመንሽ ሲያዘራ ነፋሱ ገለባውን ከፍሬው በክብደት ይለያል፤ ወንፊት በመጠን ይለያል። ሰዎች የማይገምቱት ግን ጠጣር ከጠጣር ጋር በእኩል ማዳረስ ከመለየት የሚከብድ መሆኑን ነው። ለእንቅርት መከላከያ አዮዲን የሚጨመርበትን ጨው አስቡ። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ የሚፈለገው አዮዲን ጥቂት አሥርት ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ መጠን በኩንታሉ ሁሉ በእኩል ካልተዳረሰች አንዱ ቤተሰብ ከሚገባው በላይ ሲያገኝ ሌላው ምንም አያገኝም፤ በሁለቱም ቤት ያለው ጨው ግን በዓይን ሲታይ አንድ ነው። ስለዚህ አዮዲኑን በውሃ አሟሙቶ በጨው ላይ መርጨት የተለመደ ዘዴ ሆኗል።

አሁን ወደ ወተት ልምጣ። ስለ ድብልቅ ዓይነቶች ከወተት የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፤ ሦስቱም መጠኖች በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አሉና። ከ100 ግራም የላም ወተት 87 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳርና ማዕድናት ሟምተዋል፤ ይህ ሙሙቱ ነው። ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ከ100 እስከ 200 ናኖ ሜትር ገደማ በሚሆኑ ጥቅሎች ተበትኗል፤ ይህ ኮሎይዱ ነው። ስቡ ደግሞ በስስ ሽፋን በተከበቡ ጠብታዎች መልክ አለ፤ ከጠብታዎቹ ብዙዎቹ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ያህል ናቸው። ወተት ነጭ ሆኖ የሚታየን ጥቅሎቹና ጠብታዎቹ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው።

እናቶቻችን ይህን ድብልቅ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚለያዩት ተመልከቱ። ወተቱ ሲቀመጥ ስቡ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ላክቶሱን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ቀድሞ የኬዚን ጥቅሎች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፉ ነበር፤ አሲዱ ሲበረታ ግን ያ መገፋፋት ይጠፋና እርስ በርስ ይያያዛሉ። ይህ እርጎ ነው። እርጎው ሲናጥ የስቡ ጠብታዎች ይጋጫሉ፣ ሽፋናቸው ይቀደዳል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ይጣበቃል። የመናጫው ድምፅ ሲለወጥ ቅቤው መውጣቱ ይታወቃል። የቀረው አሬራ ነው። አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ ፕሮቲኑ ረግቶ አይብ ይሆናል፤ ከአይቡ የሚቀረው አጓት አሁንም የወተት ስኳርና ማዕድናት ይዟል። የተፈጠረው አሲድ ብቻ ነው አዲስ ነገር። የቀረው ሁሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በክብደት፣ በኤሌክትሪክ ሙልና በሙቀት እየተጠቀሙ መለየት ነው።

ቅቤውም ቢሆን ገና ድብልቅ ነው። ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስብ ሲሆን በውስጡ ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች አሉ። በወተት ውስጥ ስቡ ነበር በውሃ የተበተነው፤ በቅቤ ውስጥ ውሃው በስብ ተበተነ። መናጥ ድብልቁን ገለበጠው ማለት ነው። ቅቤ ሲነጠር ያ ውሃ ይተናል፣ የቀረው ፕሮቲን ይዘቅጣል፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ደግሞ ሽታቸውን ለስቡ ይሰጣሉ። የተነጠረ ቅቤ ለወራት የሚቆየው ረቂቅ ሕዋሳት የሚኖሩበት ውሃ ስለሌለው ነው።

ሙሙትንና ኮሎይድን በቤታችሁ መለየት ትችላላችሁ። በሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ በአንዱ ጨው አሟሙ፣ በሌላው ሁለት ጠብታ ወተት ጨምሩ። መብራቱን አጥፍታችሁ በእጅ ባትሪ ከጎን አብሩባቸው። በጨዉ ውሃ ውስጥ ብርሃኑ መንገዱ ሳይታይ ያልፋል። በሁለተኛው ውስጥ ግን የብርሃኑ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ጭስ ባለበት ቤት በጣሪያ ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር የምትታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭስም ኮሎይድ ነው። ክስተቱ በአይርላንዳዊው ሳይንቲስት በጆን ቲንዳል ስም ይጠራል።

ኮሎይድ የሚለውን ስያሜ በ1861 ያወጣው ስኮትላንዳዊው ቶማስ ግራሃም ነው። ግራሃም አንዳንድ ስስ ሽፋኖች የሟሙትን ትንንሽ ቅንጣቶች እያሳለፉ ኮሎይዶችን እንደሚያስቀሩ አጠና፤ ይህንንም የመለየት ዘዴ ዲያሊሲስ ብሎ ጠራው። ዛሬ ስሙን በየሆስፒታሉ እንሰማዋለን። በ1943 ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ፣ አገሩ በናዚ ጦር ተይዛ ሳለች፣ በዚህ መሠረት ላይ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። ደም የውሃ፣ የጨው፣ የፕሮቲንና የሕዋሳት ድብልቅ ነው። በማሽኑ ሽፋን በኩል ዩሪያን የመሰሉ ትንንሽ ቆሻሻዎች ሲያልፉ የደም ሕዋሳትና ፕሮቲኖች ይቀራሉ። ኩላሊቱ የደከመ ወገናችን ማሽኑ አጠገብ ተኝቶ ሰዓታት የሚያሳልፈው ደሙ በቅንጣት መጠን እንዲለይለት ነው።

ሙሙት ሲባል ፈሳሽ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። 18 ካራት ወርቅ ከመቶ 75 እጁ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ነው፤ ይህም ጠጣር ሙሙት ነው። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብርም ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነበር። አየር ደግሞ የጋዝ ሙሙት ነው፤ ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን፣ 21 እጁ ኦክሲጅን። በቀረው አንድ እጅ ውስጥ ግን እጅግ የምወደው ታሪክ አለ።

እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ጋዞችን በታላቅ ጥንቃቄ ይመዝን ነበር። ከአየር ላይ ኦክሲጅኑንና ሌላውን አስወግዶ ያስቀረው ናይትሮጅን በሊትር 1.2572 ግራም ሆነ። ከኬሚካል ውህዶች ያወጣው ናይትሮጅን ግን 1.2505 ግራም ብቻ ነበር። ልዩነቱ ከሁለት መቶ እጅ አንዱ ያህል ነው። ሌላ ሰው የሚዛን ጉድለት ብሎ ባለፈው ነበር። ሬይሊ ግን ደጋግሞ መዘነ፤ ልዩነቱ አልጠፋም። በ1892 እንቆቅልሹን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አውጥቶ መፍትሔ የሚጠቁመው ሰው ጠየቀ። ከዚያ ከዊልያም ራምሴ ጋር ሆነው በ1894 ምክንያቱን አገኙት፦ ንጹሕ ናይትሮጅን ያሉት ነገር ድብልቅ ነበር። ከናይትሮጅን የሚከብድ፣ ከማንም ጋር የማይዋሐድ አንድ ጋዝ አብሮት ነበር፤ አርጎን አሉት። ሄንሪ ካቨንዲሽ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1785፣ ከአየር ናይትሮጅን ላይ ከ120 አንድ እጅ የማትበልጥ፣ በምንም ያልተዋሐደች አረፋ መቅረቷን ጽፎ ነበር። ያቺ አረፋ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲተነፍሰው የኖረው፣ ነገር ግን ማንም ያላወቀው ንጥረ ነገር ነበረች። ሁለቱ ሰዎች በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሴ በኬሚስትሪ።

መለየት ሁልጊዜ እስከ መጨረሻ ይሄዳል ማለት ግን አይደለም። አረቄ ሲወጣ ድፍድፉ ይሞቃል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። አልኮል በ78.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈሉ እንፋሎቱ ከድፍድፉ ይልቅ አልኮል ይበዛበታል፤ ውሃም ግን አብሮት ይወጣል። ተራው አረቄ እንደገና ሲወጣ ዳግም አረቄ ይሆናል፤ ይበልጥ ይበረታል። ታዲያ እየደጋገምን ብንሄድ ንጹሕ አልኮል እናገኛለን? አናገኝም። በክብደት ከመቶ 95.6 ሲደርስ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ማፍላት አይለያቸውም። የቀረውን ውሃ ለማውጣት ሌላ የልዩነት ባሕርይ መፈለግ ግድ ነው፤ ለምሳሌ ውሃ ያልነካው ኖራን የመሰለ ውሃ የሚስብ ነገር መጠቀም።

ይህ የቤተ ሙከራ ጣጣ ብቻ አይደለም። አገራችን በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኢታኖል፣ ማለትም ያንኑ የአረቄ አልኮል፣ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ስትጀምር መጠኑ ከመቶ አምስት ነበር፤ በ2011 ወደ አሥር ከፍ አለ። ቤንዚንና ደረቅ ኢታኖል ወጥ ሆነው ይደባለቃሉ። ውሃ ከገባባቸው ግን ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ይልቅ ውሃውን ይመርጥና ከታንከሩ ሥር ለብቻው ንብርብር ይሠራል፤ ሞተሩም ያንን ይስባል።

ሌላ አደጋም ልጥቀስ። ሜታኖል የሚባለው አልኮል ዓይን የሚያሳውር፣ የሚገድልም መርዝ ነው። ከኢታኖል ጋር ሲደባለቅ በመልክ አይታወቅም፣ በጣዕምና በሽታም ለመለየት ያስቸግራል። ምንጩ ያልታወቀ አልኮል አትጠጡ የምለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ነገሬ ውሃ ነው። በክረምት ዓባይ ደፍርሶ የሚወርደው አፈር ተሸክሞ ነው። አሸዋው ፈጥኖ ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ሸክላ ግን ለቀናት አይወርድም፤ ቅንጣቶቹ ኔጌቲቭ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉና። የከተማ ውሃ ማጣሪያዎች አሉሚኒየም ሰልፌት የሚጨምሩት ይህን መገፋፋት ለማጥፋት ነው፤ ኬሚካሉ በአገራችንም አዋሽ መልካሳ ላይ ይመረታል። ኮንሶዎች በየደጃቸው የሚተክሉት ሽፈራው በፍሬው ውስጥ ፖዚቲቭ ሙል ያላቸው ፕሮቲኖች አሉት፤ የተወቀጠው ፍሬ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሸክላውን ሰብስቦ ያወርደዋል። ሥራው ወተቱ እንዲረጋ ካደረገው ጋር አንድ ነው።

ሸክላው ወረደ፣ ውሃው ጠራ። በሽታ አምጪዎቹ ግን ገና አሉ፤ ስለዚህ እናፈላዋለን ወይም ክሎሪን እንጨምርበታለን። በስምጥ ሸለቆ ያለ ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ የሚዘቅጥ የለውም፣ የብርሃን መንገድም አይታይበትም። ሙሙት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ አለት የወጣ ፍሎራይድ ሟምቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። በወንጂና በአካባቢው የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ፣ የአዋቂዎችም አጥንት ደርቆ ወገባቸው እስኪጎብጥ የደረሰው በዚህ ጥሩ በሚመስል ውሃ ነው። ጨርቅም ሆነ አሸዋ አያስቀረውም። ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር በቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ጀርም የሚገድለው ዘዴ ለዚህ አይሆንም፤ የፍሎራይድን የራሱን ባሕርይ መፈለግ ያስፈልጋል።

ያ ባሕርይ ታውቋል። ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት ከተሠሩበት ካልሲየም ፎስፌት ጋር መያያዝ ይወዳል፤ የጎዳንም በዚሁ ነው። ስለዚህ የከብት አጥንት በከፍተኛ ሙቀት ከስሎ፣ ተፈጭቶ በማጣሪያ ዕቃ ውስጥ ይሞላል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ሲያልፍበት ፍሎራይዱ ከእኛ አጥንት ይልቅ ከከሰለው አጥንት ጋር ይያያዛል። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ መንደሮች በሥራ ላይ ውሏል። ከሰሉ በጊዜ ብዛት ይሞላል፤ ሲሞላ መለወጥ ወይም መታደስ አለበት። መሙላቱ የሚታወቀው የወጣውን ውሃ በመመርመር ብቻ ነው፤ ፍሎራይድ ያለበትም ሆነ የሌለበት ውሃ በመልክም በጣዕምም አንድ ነውና።